ትኩሱ ወጥና ነጩ የፎም ሳህን

ቅዳሴው አልቆ ምዕመናን ወደ አዳራሹ ሲያልፉ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለብዙዎቻችን ይህ ቀን ዓርብ ነው፤ በሊባኖስ ደግሞ እሑድ። ቀኑ ቢለያይም ገበታው አንድ ነው። ከሌሊት ጀምሮ የበሰለው ወጥ ከነድስቱ ይመጣል፤ እንጀራው ከፌስታል ይወጣል፤ ነጫጭ የፎም ሳህኖች ለእያንዳንዱ ሰው ይታደላሉ። እንፋሎቱ ያልበረደ ወጥ በሳህኑ ላይ ሲፈስ፣ የሳህኑ ጀርባ በጣት ሥር ሲሞቅና ሲለሰልስ ይሰማል። ከዚያም ቡናው በስስ የፕላስቲክ ኩባያ ይቀዳል፤ ኩባያው በሙቀቱ ይጣመማል፤ ሁለተኛ ኩባያ ይደረብበትና ይጠጣል።

በዚህ መካከል አንዷ እኅት «ይህ ነገር ለጤና ጥሩ አይደለም ይላሉ» ማለቷ አይቀርም። ሌላዋም «ተይኝ እስቲ እኅቴ፤ ስንቱን ችለን መጥተን ሳህን ይገድለናል?» ብላ ትመልሳለች። ሳቅ ይሆናል፤ ነገሩም በሳቅ ያልፋል።

ሁለቱም እኅቶች በከፊል ትክክል ናቸው። የመጀመሪያዋ የሰማችው ሐሰት አይደለም፤ የሁለተኛዋም ሳቅ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ብዙ የከበደ ነገር የተሸከመ ሰው ለትንሹ ነገር መጨነቂያ ጉልበት እንደማይተርፈው የሚያሳይ ሳቅ ነው። ነገር ግን በፍርሃትና በግዴለሽነት መካከል ሦስተኛ መንገድ አለ፤ እርሱም ማወቅ ነው። ስለ ፕላስቲክና ስለ ምግብ ብዙ ነገር ገና በምርምር ላይ ቢሆንም፣ እስከ ዛሬ የታወቀው ግን አንድ ቀላል ሥርዓት ለማውጣት ይበቃል፦ ትኩስና ቅባት ያለበትን ምግብ ከፕላስቲክ ማራቅ። በአሠሪዎቻችን ቤት ይህን ለመወሰን ሥልጣን ላይኖረን ይችላል። በአዳራሻችን ገበታ ላይ ግን አለን። ለዚህም ነው ይህ ጽሑፍ ከዚያ ገበታ የጀመረው፤ የሚያበቃውም እዚያው ነው።

በመጀመሪያ የነገሩን መሠረት እንመልከት። ፕላስቲክ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ዕቃ በእርግጥ ብዙ ዓይነት ነው። በአብዛኛው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ይሠራል፤ ለስላሳ ወይም ጠንካራ፣ ግልጽ ወይም ባለቀለም እንዲሆን፣ ፀሐይና ሙቀትም እንዲችል ልዩ ልዩ ኬሚካሎች ይጨመሩበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ፕላስትኬም የተባለው የአውሮፓ ሳይንቲስቶች ዘገባ በፕላስቲክ ውስጥ ያሉትን ወይም ለሥራው የሚውሉትን ኬሚካሎች ሲቆጥር ከ16,000 በላይ አግኝቷል፤ ከእነዚህም ከ4,200 የሚበልጡት ለጤና ወይም ለአካባቢ አሳሳቢ መሆናቸውን ገልጿል። ብዙዎቹ ተጨማሪዎች ከፕላስቲኩ አካል ጋር በጽኑ የተሳሰሩ አይደሉም። ምክንያት ሲያገኙ ወደሚነካቸው ምግብ ይሻገራሉ።

ምክንያቶቹ አራት ናቸው፦ ሙቀት፣ ቅባት፣ ኮምጣጣነትና ጊዜ። ይህን ለመረዳት ቤተ ሙከራ መግባት አያስፈልግም፤ ቅቤ አንጥራ የምታውቅ ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። ኮረሪማውና ኮሰረቱ መዓዛቸውን አሳልፈው የሚሰጡት ቅቤው ስለሚሞቅና ቅባት ስለሆነ ነው። በቀዝቃዛ ውኃ ቢዘፈዘፉ ያን ያህል አይሰጡም። ቅቤ ያገኘውን ሽታ ሁሉ እንደሚስብ እናቶቻችን ያውቁ ነበር፤ የሚስበው ግን መልካሙን መዓዛ ብቻ አይደለም፤ የተቀመጠበትን ዕቃ ጠባይም ይስባል። ሌላም ምስክር በየወጥ ቤታችን አለ። ቀይ ወጥ ያደረበት የፕላስቲክ ዕቃ ስንት ጊዜ ቢታጠብ ቀይነቱ አይለቅም። ዘይቱ የበርበሬውን ቀለም ተሸክሞ ወደ ፕላስቲኩ ውስጥ ገብቷልና። ቀለም የገባበት በር ደግሞ ለመግቢያ ብቻ የተሠራ አይደለም፤ በዚያው በር የሚወጣም አለ።

እንግዲህ የእኛን ምግብ በእነዚህ በአራቱ እንመዝነው። ወጣችን ዘይትና ቅቤ ይበዛበታል። የሚቀርበው ከእሳት እንደወረደ ነው። ቲማቲሙም እንጀራውም ኮምጣጣ ነው። የተረፈውም ወደ ማደሪያችን ሲሄድ በፕላስቲክ ዕቃ ሌሊቱን ያድራል። ሰላጣ ወይም ደረቅ ዳቦ በፎም ሳህን ላይ ቢቀመጥ ጉዳዩ ትንሽ ነው፤ የእኛ ገበታ ግን አራቱንም ምክንያቶች በአንድ ሳህን ላይ ይሰበስባል። ስለዚህ ነገሩ ከሌሎች ይልቅ እኛን ይመለከታል።

ነጩ የፎም ሳህን የሚሠራው ፖሊስታይሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው፤ የፖሊስታይሪን መነሻ ደግሞ ስታይሪን የተባለ ኬሚካል ነው። ሳህኑ ሲሠራ ሳይያያዝ የቀረ ጥቂት ስታይሪን በውስጡ ይቀራል፤ ትኩስና ቅባት ያለበት ምግብ ሲያርፍበትም ከዚያ የተወሰነው ወደ ምግቡ ያልፋል። የዓለም የጤና ድርጅት አካል የሆነው ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2018 ስታይሪንን ለሰው «ምናልባት ካንሰር አምጪ» በሚባለው ምድብ አስገብቶታል። ይህ ምድብ አንድ ሳህን የበላ ሰው ይታመማል ማለት አይደለም። የሚናገረው ስለ ኬሚካሉ ጠባይ ነው እንጂ በአንድ ምሳ ስለሚገባው መጠን አይደለም፤ ምድቡም በይበልጥ የተመሠረተው በሥራቸው ምክንያት ብዙ ስታይሪን ሲተነፍሱ በኖሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ በተደረገ ጥናትና በእንስሳት ላይ በታየ ውጤት ነው። ይሁን እንጂ በቀላሉ ልናስቀረው የምንችለውን ነገር በየሳምንቱ የምንደጋግምበት ምክንያት አይታይም።

የቢስፌኖል ኤ ታሪክ ደግሞ በሌላ በኩል ያስተምረናል። ይህ ኬሚካል በመጀመሪያ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው። በ1936 እንግሊዛዊው ተመራማሪ ቻርልስ ዶድስ ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን የመምሰል ጠባይ እንዳለው አሳየ። ሆርሞን መምሰሉ ታውቆ ሳለ፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ፖሊካርቦኔት ለሚባለው ጠንካራና ግልጽ ፕላስቲክ ዋና ግብዓት ሆነ፤ ለቆርቆሮ ምግብ ጣሳዎች የውስጥ ልባስም ዋለ። በየቤቱ ማቀዝቀዣ ማሽን ላይ የሚገለበጠው ባለ 5 ጋሎን የውኃ ዕቃም በብዛት ከዚህ ፕላስቲክ ሲሠራ ቆይቷል። የአውሮፓ ኅብረት ቢስፌኖል ኤ በሕፃናት ጡጦ እንዳይገባ የከለከለው በ2011 ነው፤ ጠባዩ ከታወቀ ከ75 ዓመት በኋላ ማለት ነው።

በ2023 የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሰው በቀን ያለ ስጋት ሊወስደው የሚችለውን የቢስፌኖል ኤ መጠን ቀድሞ ከወሰነው 20,000 ጊዜ ዝቅ አደረገው፤ መነሻውም በሰውነት የበሽታ መከላከያ ሥርዓት ላይ የታየው ተጽዕኖ ነበር። የጀርመን ፌዴራላዊ የአደጋ ምዘና ተቋም ግን በዚህ አልተስማማም፤ እርሱ የሰጠው ገደብ ከአውሮፓው 1,000 ጊዜ ከፍ ያለ ነው። አንዳንዶች ይህን ልዩነት ሲሰሙ «ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው አልተስማሙም» ብለው ነገሩን ይተዉታል። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው የጀርመኑ ገደብም ቢሆን ከቀድሞው 20 ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ክርክራቸው በመጠኑ ላይ ነው እንጂ በአቅጣጫው ላይ አይደለም። በመጨረሻም የአውሮፓ ኅብረት በ2024 መገባደጃ ቢስፌኖል ኤ ከምግብ ጋር ከሚነካኩ ዕቃዎች እንዲወጣ ወሰነ፤ ለአምራቾችም የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጠ።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። የመጀመሪያው፣ ሕግ ከእውቀት በኋላ ብዙ ዓመት ዘግይቶ ሊመጣ እንደሚችል ነው። ስለዚህ «ቢጎዳ ኖሮ በገበያ አይሸጥም ነበር» የሚለው አባባል ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ሁለተኛው፣ «ከቢስፌኖል ኤ ነፃ» የሚለው ጽሑፍም የነገሩ መጨረሻ አለመሆኑ ነው። አንዳንድ አምራቾች በምትኩ ያስገቡት ቢስፌኖል ኤስ የተባለው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ እርሱም በሆርሞን ላይ ተመሳሳይ ጠባይ እንዳለው ጥናቶች አሳይተዋል። ስም ከመለወጥ ይልቅ ልማድን መለወጥ ይሻላል።

ሆኖም እውቀት ወደ ፍርሃት እንዳይለወጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በየስልኩ የሚዘዋወሩት መልእክቶች «በመኪና ውስጥ የቆየ የሃይላንድ ውኃ መርዝ ነው» ይላሉ። እውነቱ ከዚህ የተለየ ነው። የውኃ ጠርሙስ የሚሠራበት ፕላስቲክ ሲመረት አንቲሞኒ የተባለ ማዕድን ስለሚጠቀሙበት ጥቂት በውስጡ ይቀራል። በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጥናት፣ በሙቀት ምክንያት አንቲሞኒው ለመጠጥ ውኃ ከተፈቀደው ገደብ ለማለፍ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ለክተዋል። በ60 ዲግሪ ሙቀት 176 ቀን ፈጀ፤ በ70 ዲግሪ 12 ቀን፤ በ80 ዲግሪ ግን 2 ቀን ከጥቂት ሰዓት ብቻ።

እነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይነግሩናል። በመኪና ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ የዋለ ጠርሙስ መርዝ አይደለም። ሙቀት በጨመረ ቁጥር ግን ፍጥነቱ ከእጥፍ በላይ እየዘለለ ስለሚሄድ፣ በጣሪያ ላይ ወይም በሱቅ ደጃፍ በበጋ ፀሐይ ለሳምንታት ተደርድሮ የከረመ ውኃ አይመረጥም፤ የፈላ ውኃም በሃይላንድ አይገባም። በግንባታ ሥራ ላይ ያሉ ወንድሞቻችን ይህን በጥንቃቄ ይስሙት፦ በነሐሴ ሐሩር ውስጥ የውኃ ጥም በሰዓታት ውስጥ ሰውን ይጥላል። ጥላ ሥር የተቀመጠ ውኃ ካለ እርሱ ይመረጥ፤ ከሌለም ያለው ይጠጣ። ጠርሙሱን ፈርቶ ውኃ መተው ትንሹን አደጋ ሸሽቶ ወደ ትልቁ መግባት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እውቀቱ በእጃችን የሚገባው በሌላ ቦታ ነው። ስንቶቻችን እኅቶች የሰው ልጅ እናሳድጋለን! እናቱ ከምታቅፈው ይልቅ ረዥም ሰዓት የምናቅፈው ሕፃን፣ ጡጦውን የሚቀበለው ከእጃችን ነው። በ2020 በአየርላንድ የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ ተመራማሪዎች ከፖሊፕሮፒሊን የተሠሩ ጡጦዎችን መርምረው ነበር። ጡጦው በሚዘጋጅበት ሙቀት ከአንድ ሊትር ውስጥ እስከ 16 ሚሊዮን የሚደርሱ ዓይን የማያያቸው የፕላስቲክ ብናኞች አገኙ። ውኃው 25 ዲግሪ ሲሆን ብናኙ ወደ 600,000 ወረደ፤ 95 ዲግሪ ሲሆን 55 ሚሊዮን ደረሰ። እነዚህ ብናኞች በሕፃኑ ጤና ላይ የሚያመጡት ነገር ገና እየተጠና ነው። የሙቀቱ ሥራ ግን በግልጽ ታየ።

በሌላ በኩል ሙቅ ውኃውን መተው አይቻልም። በዱቄት ወተት ውስጥ ሊኖር የሚችለውን ጀርም ለመግደል ውኃው ከ70 ዲግሪ ያላነሰ እንዲሆን የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል። መፍትሔው ሙቀቱንና ፕላስቲኩን መለየት ነው። ዱቄቱ በሚገባ በተቀቀለ የብርጭቆ ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ ውስጥ በሙቅ ውኃ ይበጠበጣል፤ ሲበርድ ወደ ጡጦው ይገለበጣል። ተቀቅሎ የወጣው ጡጦም ፈልቶ በበረደ ውኃ ሁለት ሦስት ጊዜ ይለቀለቃል። ወተቱ በጡጦ እንዳለ በማይክሮዌቭ አይሞቅም። ይህ ሁሉ አምስት ደቂቃ ቢጨምር ነው። «ማዳም፣ ወተቱን በብርጭቆ ልበጥብጠውና ሲበርድ ወደ ጡጦው ልገልብጠው» ማለት ድፍረት አይደለም፤ ለልጁ የተጨነቀ ሰው ንግግር ነው፤ ብዙ እናቶችም በደስታ ይቀበሉታል።

እዚህ ላይ ግን በዝምታ ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ለሕፃኑ የምንጨነቀውን ያህል ለራሳችን የሚጨነቅልን አለን? በብዙ ቤት የቤተሰቡ ምግብ በሸክላና በብርጭቆ ሳህን ይቀርባል፤ የሠራተኛዋ ድርሻ ግን እርጎ ወይም አይስ ክሬም በነበረበት የፕላስቲክ ባልዲ ይቀመጥላታል፤ በዚያው ዕቃም በማይክሮዌቭ አሙቃ ትበላለች። እነዚህ ዕቃዎች የተሠሩት ቀዝቃዛ ነገር ለአንድ ጊዜ እንዲይዙ ነው፤ ትኩስ ሩዝና ሥጋ እንዲይዙ፣ እየታጠቡም ዓመት እንዲያገለግሉ የታሰቡ አይደሉም። ሁሉም አሠሪ ይህን የሚያደርገው በንቀት አይደለም፤ ብዙው በልማድ ነው። ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነው። በአንድ ድስት የተሠራ ምግብ በሁለት ዓይነት ዕቃ ሲከፈል፣ የአንዱ ሰው ሰውነት ከሌላው ያነሰ ጥንቃቄ እንደሚገባው ይነገራል።

ለዚህ የሚሆን ትንሽ መልስ አለ። በመጀመሪያው ደመወዝ ወይም በሚቀጥለው የበዓል ስጦታ አንዲት የብርጭቆ ወይም የሸክላ ሳህን ለራስ መግዛት ይቻላል። ለሌላ እኅት ስጦታ መስጠት የሚፈልግም ከሽቶና ከሻርፕ ጋር ይህችን ሳህን ያስባት። ሳህኗ ስለ ጤና ብቻ አትናገርም፤ «እኔም በሳህን የምበላ ሰው ነኝ» ትላለች።

አንዳንድ ጊዜ ስለ ፕላስቲክ ስንናገር የአገር ቤቱን ዘመን እንደ ገነት አድርገን እንስላለን። አገልግሉ፣ ዳቦ የሚጠቀለልበት የኮባ ቅጠል፣ ቅቤ የሚቀመጥበት ቅል በእርግጥ የሚናፈቁ ናቸው። ነገር ግን እውነቱን እንናገር፤ ጀሪካን የገጠር ሴትን ጀርባ ከከባዱ እንስራ አሳርፏል። ሳይሰበር ሩቅ መንገድ የሚሄድ ቀላል ዕቃ ለድኻ ቤት ትልቅ በረከት ነበር። ከእናታችን እጅ የተላከው ሽሮና በርበሬ ባሕር ተሻግሮ እጃችን የሚደርሰው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ደረቅ ምግብ ስለሆነም ለጥቂት ቀናት መንገድ የሚያሰጋ ነገር የለበትም፤ እንደደረሰ ወደ ብርጭቆ ማሰሮ መገልበጥ ይበቃል። ጥንቃቄ የሚሻው በሃይላንድ ታሽጎ የሚላከው ቅቤ ነው። ቅባት ነውና፣ በወራት የሚቆጠር ጊዜም በዕቃው ውስጥ ይከርማልና፣ በተለይም ገና ሳይበርድ እንዳይገለበጥ ለቤተሰብ መንገር ይገባል።

መንግሥታትም መንቀሳቀስ ጀምረዋል። የተባበሩት ዓረብ ኤሚሬትስ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ለአንድ ጊዜ የሚውሉ ፌስታሎችን ከልክላለች፤ ዱባይ ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ የፎም የምግብ መያዣዎችን አግዳለች። በኢትዮጵያም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። እነዚህ ሕጎች የሚመሰገኑ ናቸው፤ ዋና ዓላማቸው ግን በየመንገዱና በየባሕሩ የሚጣለውን ቆሻሻ መቀነስ ነው። ወደ ምግባችን የሚያልፈውን ኬሚካል ለመቆጣጠር የአምራቾች ኃላፊነትና የተቆጣጣሪዎች ብርታት ያስፈልጋል። የሸማቹ ጥንቃቄ ብቻውን አይበቃም፤ ሸክሙን ሁሉ በአንዲት የቤት ሠራተኛ ትከሻ ላይ መጣልም ፍትሕ አይደለም። ቢሆንም ሕጉ እስኪመጣ ድረስ በእጃችን ያለውን ማድረግ ከልካይ የለውም።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንችስኮስም እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ባደረጉት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው ሐዋርያዊ መልእክታቸው፣ ተጠቅሞ የመጣልን ባህል በብርቱ ነቅፈዋል፤ ፕላስቲክን መቀነስንም የጋራ መኖሪያ ቤታችንን ከምንጠብቅባቸው ትናንሽ የዕለት ተግባራት መካከል ቆጥረውታል። ጥያቄው እንግዲህ ከቤታችን ይጀምራል፤ በአዳራሻችን ጥግ ከግብዣ በኋላ ስንት ጥቁር ከረጢት ነጭ ሳህን ይከመራል?

አሁን ወደዚያ ገበታ እንመለስ። የፎም ሳህኑ ይቅር ሲባል የሚነሣው ተቃውሞ ይታወቃል፤ ተቃውሞውም እውነት አለው። «ስድስት ቀን የሰው ሳህን ሳጥብ ከርሜ፣ በዕረፍቴ ቀንም ልጠብ?» የምትለውን እኅት ማን ሊመልስላት ይችላል? ያ ቀላል ነጭ ሳህን በአዳራሻችን የገባው በስንፍና አይደለም። የደከሙ እጆችን ለማሳረፍ ነው የገባው። እነዚህን እጆች የማያሳርፍ ማንኛውም ምክር፣ ስለ ጤና ቢናገርም፣ ጤናማ ምክር አይደለም።

ነገር ግን ለዚህ መልሱ ከእኛው ባህል ውስጥ ተቀምጧል። አባቶቻችንና እናቶቻችን ለእያንዳንዱ ሰው ሳህን አያድሉም ነበር፤ በአንድ ገበታ ዙሪያ ይቀመጡ ነበር እንጂ። እንጀራው ራሱ ሳህን ነው። አንድ ሰፊ የማይዝግ ብረት ትሪ ለስድስት ሰው ይበቃል። 60 ሰው የሚሰበሰብበት አዳራሽ 60 ሳህን አያስፈልገውም፤ 10 ትሪ ይበቃዋል። 10 ትሪ ማጠብ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይሆንም። ከሰው ጋር ለመብላት የሚቸግረው ወይም የታመመ ሰው ካለ፣ ጥቂት የሸክላ ሳህኖች ለብቻ ይቀመጡለት። ቡናውም ወደ ስኒው ይመለስ። ጀበናውን አክብረን ይዘን መጥተን ስኒውን በፕላስቲክ መለወጣችን ራሱ የሚያስገርም ነው።

እጥበቱን በተመለከተ ግን አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ተራው የወንዶች ነው። በየሳምንቱ ወጡን እኅቶች ሠርተው ያመጣሉ፤ ወንድሞች በልተው ያመሰግናሉ። ምስጋናው ወደ ማጠቢያው ቢሻገር ይበልጥ ያምራል። አራት ወንድሞች በየተራ እጅጌያቸውን ቢሰበስቡ፣ እኅቶች በዕረፍታቸው ቀን ሳህን ሳይነኩ ቡናቸውን ተቀምጠው ይጠጣሉ። ይህ ለብዙዎቹ በሳምንቱ ውስጥ ሰው አጥቦ ያቀረበላቸው ብቸኛ ስኒ ይሆናል።

ደግሞም ዕረፍት ያልተፈቀደላት እኅት አለች፤ ምግቧ በሌላ እጅ የሚሄድላት። ለእርሷ የሚላከው ወጥ በአይስ ክሬም ባልዲ ትኩሱን እየተገለበጠ ሲሄድ ቆይቷል። ከአሁን በኋላ በብርጭቆ ማሰሮ ወይም በብረት ምሳ ዕቃ ይሂድላት። ይህ ካልተገኘና ፕላስቲክ የግድ ከሆነ ደግሞ ወጡ በድስቱ ሳለ እስኪበርድ ይጠበቅ፤ ከዚያ ይገልበጥ፤ እርሷም ስታሞቀው ወደ ሳህን ገልብጣ ታሙቀው። የምንልክላት ምግብ «አልተረሳሽም» የሚል መልእክት ነውና፣ ዕቃውም ያንኑ ይናገር።

አንዷ እኅት «ለጤና ጥሩ አይደለም ይላሉ» ባለች ጊዜ ሌላዋ የሳቀችው፣ ከፍርሃት በቀር የሚሰጣት መፍትሔ ስላልነበረ ነው። መፍትሔው ሩቅ አይደለም። 10 ትሪዎች ለመግዛት የአንድ ወር የግብዣ መዋጮ ቢበቃም ባይበቃም በሚቀጥለው የኮሚቴ ስብሰባ ይነሣ፤ የእጥበት ተራውም ስም በስም ይጻፍ። የዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የሚሰፍረውም የኮሚቴው ሰብሳቢ ስም ይሁን።